ሙጫውን አብስሉ፣ መቀሱን ግዙ፦ ለትንንሽ ልጆች የመለጠፍ ሥራ ምን ይሻላል?

ከኦ-ክፍል መምህሯ አጭር ማስታወሻ መጣ እንበል። «ልጁ ሰኞ ሙጫ፣ ባለቀለም ወረቀትና መቀስ ይዞ ይምጣ።» ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትገባላችሁ። ባለሱቁ አምስት ዓይነት ማጣበቂያ ደርድሮ «የትኛውን ልስጥ?» ይላል። አንዱ ርካሽ ነው። አንዱ ካርቱን የተሳለበት ነው። አንዱ ከሩቅ ይሸታል። ደስ ያላችሁን አንስታችሁ ትወጣላችሁ።

ይሄ ጽሑፍ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እንዲነበብ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ ሙጫውን ቤት አብስሉት፤ ብሩን መቀስ ላይ አውጡት። ለሁሉም ቤትና ለሁሉም ክፍል ግን አንድ መልስ የለም። ደሴ ላይ የሠራው ባቲ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ለአንድ ልጅ የሚሆነውም ለስልሳ ልጅ አይሆንም።

ልጁ ምኑን ነው የሚማረው?

«ወረቀት መለጠፍ ምን ትምህርት ነው? ሀ ሁ ያስቆጥሩልን እንጂ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። አልፈርድበትም። የኛ አገር የልጅ ትምህርት፣ በቄስ ትምህርት ቤትም በመድረሳም፣ በቃል ማስያዝ ላይ የቆመ ነው። እጅ የሚሠለጥነው በቤት ሥራና በመስክ ነበር። የከተማ ልጅ ደግሞ ዛሬ መስክም የለው፣ እንዝርትም አልያዘ።

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል በ1837 እ.ኤ.አ. ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የልጆች ማዋያ ሲከፍት ወረቀት ማጠፍን፣ መቁረጥንና መሸመንን ከሥራዎቹ መካከል አስገብቷል። ዛሬ ኬጂ የምንለው ከዚያ የወረደ ነው። ስለዚህ የወረቀት ሥራ ትርፍ ሰዓት መሙያ ሆኖ የመጣ ነገር አይደለም።

እርሳስ በሦስት ጣት ነው የሚያዘው። በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት። እነዚህ ሦስቱ ጉልበት ከሌላቸው ልጁ እርሳሱን በጭብጡ ይጨብጣል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ከዚያ መጻፍ ይጠላል። ወረቀት መቅደድ፣ ምስር መቆንጠጥ፣ ሙጫ በጣት መቀባት ሦስቱን ጣቶች በጨዋታ ያጠነክራል። ሌላም አለ። አንዱ እጅ ወረቀቱን ሲይዝ ሌላው ይሠራል። ሁለት እጅ የተለያየ ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራቱ ለኛ ቀላል ይመስላል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ፊደል ላይ ደግሞ የበለጠ ይታያል። 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልጅ 231 ለየብቻው የቆመ ቅርጽ ካየ ይደነግጣል። አሁን በን በስንደዶ ቁርጥራጭ ካርቶን ላይ ለጥፉ። አንዲት አጭር ስንደዶ ከቀኝ ጎኑ መሃል ላይ ስትጨመር ቡ ሆነ። ያቺው ስንደዶ ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ስትወርድ ቢ ሆነ። የግራ እግሩ ሲያጥር ባ፣ በቀኝ እግሩ ጫፍ አንዲት ምስር ስትለጠፍ ቤ። ሙጫው ሳይደርቅ ስንደዶዋን ከወገብ ወደ እግር ያንሸራተተ ልጅ የካዕብና የሣልስን ልዩነት በጣቱ አውቆታል። ብ ላይ ሲደርስ ሕጉ ይፈርሳል፤ ያኔ ልጁ ራሱ «ይሄኛውስ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል።

ቃላትም አሉ። ለስላሳ፣ ሻካራ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ከላይ፣ ከሥር፣ አጠገብ፣ የተደረበ። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ክፍል ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ ተረት ሲነገር ሊጠፋበት ይችላል። ሙጫና ጨርቅ ፊቱ ሲቀርብ ግን ከሌሎቹ እኩል ይጀምራል፤ ቃሉንም ነገሩን በእጁ እንደያዘ ይሰማዋል።

ሒሳቡን በአጭሩ፦ መለየት፣ መቁጠር፣ መደጋገም። «ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀጥሎስ?» ሞሰብ የምትሰፋ አያት ያለው ልጅ ይሄን ጥያቄ ቤቱ ተሠርቶ ያየዋል።

አንድ ነገር ግን እንተማመን። መለጠፍ ማንበብን አይተካም። መጽሐፍ ማንበብና ተረት ማውራት እንዳለ ይቀጥላል።

ሙጫዎቹን እናወዳድር

የፉርኖ ዱቄት ሙጫ። አንደኛ ምርጫዬ ይሄ ነው። አብሲት የጣለ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። አንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጓጎሉ እስኪጠፋ ይበጠበጣል። ለብቻው ሦስት ኩባያ ውሃ ይፈላል። ብጥብጡ እየተማሰለ ይጨመርበታል። ነጭነቱ ደብዘዝ ብሎ ማንኪያ ላይ መያዝ ሲጀምር ይወርዳል። ጨው ጣል አድርጉበት፤ ሻጋታን ትንሽ ያዘገያል። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ከበዛበት ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ በጥብጠው የሚጠቀሙ አሉ። ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠውና የሚጣበቀው በሙቀት ነው፤ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሙጫው ከበቂ በላይ ነው። ደሴ ላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው የባቄላ ንፍሮ ነው እንጂ ሙጫ አይደለም።

ምን ጥሩ አለው? ልጅ ይልሰዋል። መላሱ አይቀርም። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካልሆነ በቀር ምንም አያደርገውም። ከልብስ በውሃ ይለቃል። ርካሽ ነው፤ አንድ ኩባያ ዱቄት አንድ ክፍል ተማሪ ያሠራል። ደግሞ በጣት ይቀባል። ቀዝቃዛና ሙልጭልጭ ያለ ነገር በጣት መንካት ለትንሽ ልጅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ማብሰሉም ትምህርት ነው። ልጁ እሳት አጠገብ ባይደርስም ዱቄቱን ይለካል፣ ፈሳሹ ሲወፍር ያያል።

ድክመቱስ? ውሃማ ነው። ከደብተር የተቀደደ ስስ ወረቀት ይጨማደድበታል። ፕላስቲክና የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ አይይዝም። ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ ቁልፍና ድንጋይ፣ ይጥላል። ሲቆይ ይሸታል። ደሴ ላይ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይውላል። ባቲ፣ ኬሚሴ ወይም ቆቦ ከሆናችሁ ግን የጠዋቱን ለጠዋት አብስሉ፤ ለነገ አታሳድሩ። አይጥና በረሮም ይወዱታል። የተሠራውን ሥራ ወለል ላይ አታስቀምጡ።

የጤፍ ዱቄትም ይሠራል፤ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በዛሬው ዋጋ ጤፍ ለሙጫ የሚያውል ሰው ካለ ግን ልተዋወቀው እፈልጋለሁ። ቆላ ላይ ያላችሁ የማሽላ ዱቄት ሞክሩ።

ነጩ ኮላ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በትንሽ ጠርሙስ ለተማሪ ተብሎ የሚሸጠው። ሌላው ከአናጢ ቤትና ከግንባታ ዕቃ ሱቅ በኪሎ የሚገኘው። የሁለቱም መሠረት ፖሊቪኒል አሲቴት የሚባል ነገር ነው። ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል፤ ሲደርቅ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ያሳልፋል። ልጆች ይሄን «አስማት» ይወዱታል።

ጥንካሬው ከዱቄቱ አይወዳደርም። ጨርቅ፣ እንጨት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ አሸዋ ይይዛል። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ፣ ጎበጥ ወጣ ያለ ነገር ለሚለጥፍ፣ ዋጋው ይገባዋል። ግን እርጥብ ሳለ ካልታጠበ ከዩኒፎርም አይለቅም። የተማሪው ዓይነት በተሻለ ይለቃል፤ የአናጢው ግን ዩኒፎርሙን ይዞት ይቀራል። በኪሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በማይታወቅ ዕቃ ተገልብጦ ስለሚመጣ ውስጡ ምን እንደተጨመረ አይታወቅም። ለሚልስ ልጅ አልሰጠውም። ለትልልቆቹ ከሰጣችሁም ትልቅ ሰው ይቅዳላቸው። ጠርሙሱን ለልጅ ከሰጣችሁ ግማሹ በአንድ አበባ ላይ ያልቃል። በእኩል ውሃ ቀጥኖ ለወረቀት ብቻ ቢውል ደግሞ ይበረክታል።

ግሉ ስቲክ። ቂጡ ሲዞር ብቅ የሚለው ማለት ነው። ሄንክል የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያወጣው፤ ሐሳቡ የመጣው ከሊፕስቲክ ነው ይባላል። ንጹሕ ነው። ወረቀት አይጨማደድበትም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀትንም ከዱቄቱ የተሻለ ይይዛል። እጁ ሲቆሽሽ የሚያለቅስ ልጅ አለ፤ ለዚያ ልጅ በዚህ መጀመር ጥሩ ነው፤ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ዱቄቱ ይመጣል።

ለጣት ጡንቻ ግን የሚጨምረው ትንሽ ነው። ጨርቅና ፍሬ አይይዝም። ክዳኑ የጠፋ ቀን ደርቆ ያድራል። ክዳን ደግሞ ይጠፋል። በርካሽ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ሰም ይመስላሉ፤ ይቀባሉ እንጂ አይለጥፉም። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ በቁራጭ ወረቀት ሞክሩ። ባለሱቁ ቢቆጣም ግድ የለም።

የግራር ሙጫ። ቆላ ያደገ ሰው ከዛፉ ላይ ቆርጥሞ በልቶታል። በውሃ ይሟሟል። ሲነጋ ለመጠቀም ማታ በለብ ያለ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። የድሮ ፖስታና ቴምብር ምላስ ሲነካው የሚጣበቀው በዚህ ዓይነት ሙጫ ነበር። ለወረቀት ጥሩ ነው። ለሌላ ነገር ደካማ ነው። በእጃችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ብላችሁ ገበያ አትውጡ።

ስኮች ሙጫ አይደለም። ቶሎ ለማያያዝ ይጠቅማል፤ እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለውም።

አሁን እንቢ የምላቸው። ማስቲሽ በምንም መልኩ ልጅ አጠገብ አይደርስም። የጫማ ሠሪ ማጣበቂያ ነው። ትነቱ ውስጥ ያለው ማሟሚያ አንጎልን ይጎዳል። ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች ሲስቡት ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። «ትንሽ ነው፣ መስኮት ከፍቼ ነው» አይሠራም። ሱፐር ግሉም እንደዚያው። ቆዳን ከቆዳ በሰከንዶች ያጣብቃል፤ ጥጥ ሲነካ ደግሞ ይሞቃል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ድንገት የልጅ ጣት ቢጣበቅ በኃይል አትለያዩት። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ እያላችሁ አሹት። ዓይን ወይም አፍ ከነካ ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ምን እንለጥፍ?

ሱቅ ውስጥ ተቆርጦ የተዘጋጀ ኮከብ፣ ልብ፣ የሚያብለጨልጭ ስፖንጅ በፓኬት ይሸጣል። ያምራል። ችግሩ ሥራው አልቆ መምጣቱ ነው። ለልጁ የሚቀረው ልጦ መለጠፍ ነው። አልቃወምም፤ ለልደት ቀን ይሁን። ለየዕለቱ ግን ወሎ ውስጥ የተሻለ ነገር በነፃ አለ።

ከሁሉም አስቀድሜ የማነሳው የስፌት ትርፍራፊ ነው። ስንደዶና አክርማ ሲሰፋ ተቆርጦ የሚጣለው ጫፍ። አክርማው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ተነክሮ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ቀጥ ያለ ነው፣ ይቆረጣል፣ በዱቄት ሙጫ ይይዛል፣ ለፊደል እግር ይሆናል። እማማን «ጫፉን አይጣሉብኝ» ብሎ መለመን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ። ደሴም ኮምቦልቻም ልብስ ሰፊ ቤቶች ደጃፍ በየቀኑ የሚጠረግ ጨርቅ አለ። ጥጡ ዱቄቱን ይጠጣና ይይዛል። ሰው ሠራሹ ክር ግን ይንሸራተታል፤ ለእሱ ኮላ ያስፈልጋል። ልጁ ሁለቱን ሞክሮ ይሄን ራሱ ቢደርስበት ሳይንስ ተማረ ማለት ነው።

ያለፈ ዓመት ካላንደር ጥሩ ነው። ባንኮች የሚያድሉት ወፍራምና ባለቀለም ነው፤ የግዕዝ ቁጥርም ይኖርበታል። ቁጥሮቹን ቆርጦ በተራ መለጠፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይወስዳል። ግን ያብለጨልጫል፤ ግሉ ስቲክ ወይም ኮላ ይፈልጋል። ለዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይሻላል። ለመደቡ ደግሞ የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን ከየሱቁ ለምኑ።

ከጓሮ የሚመጡት፦ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የበቆሎ ሽፋን፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የጤፍ ጭድ፣ ላባ። የሽንኩርት ልጣጭ መስኮት ላይ ሲለጠፍ ብርሃን ያሳልፋል። የእንቁላል ቅርፊት ከሆነ ቀቅሉት፤ ጥሬው ጀርም ይይዛል።

እህልስ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሌላ አገር ሩዝና ባቄላ መለጠፍ የተለመደ ነው። ወሎ ግን የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አያቶች ፊት ልጅ ምስር በሙጫ ሲለውስ ማየት ይከብዳል። «እህል ነው እኮ ልጄ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የኔ ፍርድ፦ ለአንድ ፊደል አራት አምስት ፍሬ ይበቃል። ትልቁን ሥራ በገለባ፣ በቅርፊትና በጭድ ሙሉት። የነቀዘ ባቄላ ካለም ይሆናል። ለዘር የተቀመጠ ወይም የነቀዝ መድኃኒት የነካው እህል ግን ፈጽሞ አይሆንም። መድኃኒቱ በጣት ወደ አፍ ይገባል።

ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፍሬ የሚባል ነገር አትስጡ። አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። የሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቱቦን ተጠቀሙ፤ በዚያ ቱቦ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለሱ ትንሽ ነው።

ከጓሮ የማይነኩም አሉ። የጉሎ ፍሬ ነጠብጣቡ ያምራል፤ ልጆች ይሰበስቡታል። መርዙ ከባድ ነው፣ ቢታኘክ ሊገድል ይችላል። አስተናግርም፣ ፍሬውም ቅጠሉም፣ መርዝ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ያቃጥላል። የበለስ እሾህ ደግሞ ከጣት ለማውጣት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የወሎ ልጅ አይነገረውም።

ለመሆኑ ውድ ዕቃ ሥራውን የተሻለ ያደርገዋል? አርቲስት ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ፣ ክርና ቁልፍ እየገጣጠመ በሠራቸው ሥራዎች በዓለም ታውቋል። ለልጃችሁ ይሄን ንገሩት።

መቅደድ ወይስ መቁረጥ?

ሁለቱም፤ ግን በቅደም ተከተል። የሁለት ዓመት ልጅ ይቅደድ። ጋዜጣ ረጅም ረጅሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ በወርዱ ግን ይጣመማል። ልጁ ይሄን ሲደርስበት ፊቱን ማየት ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው መቀስ ይያዝና ጫፍ ጫፉን ይከርክም። አራት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ ይቆርጣል። አምስት ላይ ክብ። ስድስት አካባቢ ማዕዘን ያለው ቅርጽ። ቢዘገይ ወይም ቢቀድም አትጨነቁ፤ ልጅ እንደ ካላንደር አያድግም።

ብሩን ያዳናችሁት ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነ መቀስ አትግዙ። ወረቀቱን ያጥፋል እንጂ አይቆርጥም፤ ልጁም «አልችልም» ብሎ ይተዋል። ስለቱ ብረት፣ ጫፉ ድቡልቡል፣ ቀዳዳው ለትንሽ ጣት የሚሆን ይሁን። የልብስ ሰፊውን ትልቅ መቀስ ደግሞ ራቅ አድርጉ። ሱቁ ውስጥ አንድ ወረቀት ቁረጡበት። እንቢ ካለ ሌላ።

ልጁ ሲቆርጥ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይይ። ወረቀቱን በርዝመቱ ሁለት ጣት በሚሆን ስፋት ከፍላችሁ ስጡት፤ በአንድ ጭምቅታ ከተቆረጠለት ይደፋፈራል።

ግራኝ ልጅ ካላችሁ ይሄን አንብቡ። የተለመደው መቀስ ለቀኝ እጅ ነው የተሠራው። በግራ ሲያዝ ስለቶቹ ይለያያሉ፣ ወረቀቱ መሃላቸው ይታጠፋል፣ ስለቱም መስመሩን ይጋርዳል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የግራኝ መቀስ ማግኘት ይከብዳል፤ ለሁለቱም እጅ ተብሎ የሚሸጠውን ፈልጉ። እስከዚያ ይቅደድ። «በቀኝህ ሥራ» ማለቱን ግን ተዉት፤ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ናሙና አይቶ ወይስ እንደፈለገ?

መምህሯ ሰሌዳ ላይ አንድ ዶሮ ለጥፋ «እንዲህ ሥሩ» ብትል አርባ ተመሳሳይ ዶሮ ይገኛል። ወላጅ ሲመጣ ያምራል። ልጆቹ የተማሩት መመሪያ መከተልን ነው። እሱም ያስፈልጋል፤ አልንቀውም። የሚወስኑት ነገር ግን አልነበረም። ክንፉ የት ይሁን? ምን ቀለም? ቁራጩ ቢበዛስ?

ሁለተኛው መንገድ ሁሉን ደፍቶ «እንደፈለጋችሁ» ማለት ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ይሄ ፍጹም ነው። አምስት ዓመት ላይ ግን አንዳንዱ ባዶ ካርቶን ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል።

እኔ የመሃሉን እመርጣለሁ። ናሙና የለም፤ ርዕስ አለ። «የሐይቅን ሐይቅ ሥሩ» ወይም «የባቲን ሰኞ ገበያ ሥሩ።» ዕቃው ሦስት አራት ዓይነት ብቻ ይሁን፤ ሲበዛ ይደነጋገራሉ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። የልጅን ሥራ ማቃናት የትልቅ ሰው በሽታ ነው። ዓይኑ ግንባሩ ላይ ቢለጠፍም ይቅር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አትበሉ። ልጁ ራሱ ገና አልወሰነ ይሆናል። «ይሄን እንዴት ለጠፍሽው?» ወይም «እስቲ ንገረኝ» ሲባሉ ያወራሉ። የሰው ፊትና የእንስሳ ምስል ማሠራት የማይወድ ቤተሰብም አለ፤ ለዚያ ልጅ አበባ፣ ሐረግና የስፌት ቅርጽ ይሁንለት። ሳይጠይቁ ማወቅ የመምህሩ ብልሃት ነው።

ቤት ውስጥና ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል

ቤት ውስጥ አብሽሩ፣ ቀላል ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ምንጣፍ ላይ አንጥፉ፣ አሮጌ ቲሸርት አልብሱት፣ ሃያ ደቂቃ ስጡት። ሲሰለቸው ይቁም።

ክፍል ሌላ ነገር ነው። ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ማስለጠፍ ለመምህሯም ግፍ ነው። በአራት ቡድን ይከፈሉ። አንዱ ይለጥፍ፣ አንዱ ይቅደድ፣ አንዱ ቅጠል ይለይ፣ አንዱ ውጪ ይጫወት። ሙጫውን በሃይላንድ ክዳን ክዳን አድርጎ ማደል ግፊያን ያስቀራል። ለብሩሽ መፋቂያ ይበቃል፤ ጫፉ ታኝኮ ሲበጣጠስ ጥሩ ብሩሽ ነው፤ የእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ይሁን እንጂ። ውሃ የሚቸግርበት ትምህርት ቤት ከሆነ አንድ ማስታጠቢያና ሁለት እርጥብ ጨርቅ ይዘጋጅ። ግሉ ስቲክ የሚያሸንፈው እዚህ ጋ ነው፤ ውሃ ከሌለ፣ ሰዓቱም አጭር ከሆነ። መቀስ ስድስት ብቻ ካለ ለሚቆርጠው ቡድን ብቻ ይሰጥ፤ መምህሯም እዚያ ቡድን አጠገብ ትቀመጥ።

ለማድረቅና ለበዓል

የአየሩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ በመኪና ቅርብ ናት፤ ከፍታዋ ግን 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። እዚያ ከሰዓት የተለጠፈ ማታ ይደርቃል። ደሴ ላይ ክረምት ከሆነ ዱቄቱ አንድ ሌሊት ቆይቶም እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ይሻግታል። ስለዚህ በክረምት ሙጫው ይወፍር፣ በስሱ ይቀባ፣ ሥራው በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይንጠልጠል። ተደራርቦ ከተቀመጠ ሁሉም አንድ ላይ ይጣበቃል።

ይሄ ነገር በተለይ ለእንቁጣጣሽ ያስፈልጋል። ልጆች መስከረም 1 ቀን የአበባ ሥዕል ይዘው በየጎረቤቱ ይዞራሉ። ዘንድሮ ተለጥፎ የተሠራ ይሁን። ለአደይ አበባው የከረሜላ ቢጫ ወረቀት ወይም ቢጫ ጨርቅ፣ ለግንዱ አረንጓዴ አክርማ። ለዒድና ለመውሊድም በዚያው መንገድ የሐረግ ካርድ ይሠራል። ላስታ ያላችሁ ደግሞ ለአሸንድዬ የተቆረጠው ሣር ሲተርፍ አትጣሉት፤ ደርቆ ለግንድ ይሆናል። ደሴ ያላችሁ ግን ጳጉሜን አትጠብቁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጀምሩ። የዘገየ ካለ ግሉ ስቲክ አለ።